በጥሩ ቀን መድኃኒት አይቋረጥም

ልጆቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው መልቲፕል ስክለሮሲስ እንዳለባችሁ በቅርቡ ለተነገራችሁ ወጣቶች ነው። ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን ሒሳብ ስመረምር የኖርኩ፣ አብዛኛውንም ከዚህ በሽታ ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ስለ ሕክምናው የምለውን ከሐኪማችሁ ጋር አመሳክሩት፤ ስለ ኑሮው የምለውን ግን እመኑኝ።

በአገራችን የበሽታውን ስም የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። አንዷ አክስት ምች ነው ትላለች፣ ሌላው ዘመድ ዓይነ ጥላ ነው ይላል፣ የተማረው ደግሞ ጭንቀት ነው ብሎ ይደመድማል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሰውነት መከላከያ ኃይል በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ያሉትን ነርቮች የሚሸፍነውን ማይሊን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ያጠቃዋል። ጉዳቱ እንደ ደረሰበት ቦታ አንዱ እግሩ ይደነዝዛል፣ ሌላው ሚዛኑን ይስታል፣ ሌላው ሽንቱን መቆጣጠር ይቸግረዋል። በሽታው አይተላለፍም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ ከአሥር ሚሊዮን በላይ የአሜሪካ ወታደሮችን መረጃ የመረመረ ጥናት በሽታው ኤፕስታይን-ባር ከተባለው ቫይረስ ጋር የጠበቀ ግንኙነት እንዳለው አሳይቷል። ይሁንና ይህ ቫይረስ በአብዛኛው የሰው ልጅ ሰውነት ውስጥ ስላለ «ምን በድዬ ነው» እያላችሁ ራሳችሁን አትክሰሱ።

እኔን መጀመሪያ ያገኘኝ በቀኝ ዓይኔ ነው። ዓይኔን ወደ ጎን በመለስኩ ቁጥር ያመኝ ነበር። ጉድለት የማሰምርበት ቀይ እስክሪብቶ በግራ ዓይኔ ደማቅ ቀይ ነው፤ በቀኙ ሳየው ግን ደብዝዞ ወደ ግራጫ ያደላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ቀዩ ቀይ ሆነልኝ፤ ቤተሰቡም ተመስገን አለ።

አታላይነቱ እዚህ ላይ ነው። በብዙዎቻችን ላይ በሽታው መጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ነገር ግን የአንጎልንና የሕብለ ሰረሰርን ምስል በሚያነሳው ኤምአርአይ ሲታይ ምንም ሳይሰማን የተፈጠረ አዲስ ቁስል ሊገኝ ይችላል። በእኔ ሙያ ቋንቋ፣ ወጪው በመዝገብ አልሰፈረም እንጂ ገንዘቡ ከካዝናው ወጥቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ የሚወሰደው ዛሬ ለሚሰማን ሕመም ሳይሆን ነገ ለሚመጣው ነው፤ «ተሽሎኛል» ብሎ ማቆም ደግሞ ከሁሉ የከፋው ቁጠባ ነው። የመጀመሪያው የበሽታውን አካሄድ የሚለውጥ መድኃኒት በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ ከዚያ በፊት የታመሙት ይህ ዕድል አልነበራቸውም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2023 ሪቱክሲማብን ጨምሮ ለዚሁ በሽታ የሚያገለግሉ 3 መድኃኒቶችን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ አካቷል። ሪቱክሲማብ ከመጀመራችሁ በፊት የሄፓታይተስ ቢ ምርመራ ማድረጋችሁን አረጋግጡ፤ ተደብቆ የቆየውን ቫይረስ ሊቀሰቅሰው ይችላልና።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለሐኪማችሁ ሳታፍሩ አቅርቡ፦ «ኒውሮማይላይቲስ ኦፕቲካ አለመሆኑ ተጣርቷል?» ይህ ዓይንንና ሕብለ ሰረሰርን የሚያጠቃ፣ ከእኛው በሽታ ጋር በቀላሉ የሚምታታ ሌላ ሕመም ነው። በጥቁር ሕዝቦች ላይ ከሌላው ይበልጥ ይታያል። ለመልቲፕል ስክለሮሲስ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ደግሞ ያባብሱታል። በብዙዎቹ ታማሚዎች ላይ የሚለየው በደም ምርመራ ነው።

ሙቀትን ተጠንቀቁ። ሰውነት ሲግል የተጎዳው ነርቭ መልእክት ማስተላለፍ ያቅተዋል፤ በትኩሳት ጊዜ ወይም በቀትር ፀሐይ ታክሲ ስትጠብቁ የቆየው ምልክት ሁሉ ተመልሶ ይመጣል። ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ቪልሄልም ኡቶፍ ይህንኑ የመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1890 ነበር። ሰውነት ሲቀዘቅዝ ያልፋል፤ አዲስ ጉዳት አይደለም። በእኛ ቤት ግን ለታመመ ሰው መጀመሪያ የሚታዘዘው ባሕር ዛፍ አፍልቶ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ መታጠን ነው። አክስቴ አጥነውኝ ስወጣ እግሬ አልታዘዝ አለኝ፤ እሳቸው ግን «በሽታው እየወጣ ነው» ብለው እልል አሉ። ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቼ ጥላ ሥር ከተቀመጥኩ በኋላ በእግሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አዲስ ምልክት ያለ ትኩሳት ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ግን በሐኪም መታየት አለበት።

ጸበል መሄድ የሚሻ ይሂድ፤ እኔም ሄጃለሁ። «መድኃኒቱን ጣል» ለሚል ሰው ግን ጆሮ አትስጡ።

ስለ ሥራና ስለ ትዳር የምትወስኑትን ደግሞ ሐኪሙ በነገራችሁ ሰሞን አትወስኑ። ባልደረቦቼ ከነበሩት መካከል በመጀመሪያው ወር መልቀቂያ ለመጻፍ የተነሳች ልጅ ነበረች፤ ዛሬ የክፍል ኃላፊ ናት። ከሁሉ የሚያስቸግረው ድካሙ ነው። እንቅልፍ ተተኝቶ የማይለቅ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ፊደልና አኃዝ የሚያደባልቅ ድካም ነው። ሰው ግን ፊታችሁን አይቶ «ደህና ነህ እኮ!» ይላል። ከባዱን ሥራ ጠዋት ጨርሱ፤ ለአለቃችሁ ሕመሙን ሁሉ መዘርዘር ባይኖርባችሁም የምትፈልጉትን ለይታችሁ ጠይቁ፦ ምድር ቤት ያለ ቢሮ፣ ነፋስ የሚገባበት መስኮት፣ ለመጸዳጃ ቤት የቀረበ ወንበር። ለእጮኛ ግን ከቀለበት በፊት መንገር ይገባል፤ ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ።

ሴቶች ልጆቼ፣ «አትወልጂም» የሚላችሁን አትስሙ። በእርግዝና ወቅት፣ በተለይም በመጨረሻዎቹ 3 ወራት፣ በሽታው ጋብ ይላል፤ ከወሊድ በኋላ ባሉት 3 ወራት ግን ሊያገረሽ ይችላል። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች ከእርግዝና ጋር ስለማይስማሙ ከመፀነሳችሁ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ። የአራስ ቤቱንም ደንብ አስቀድማችሁ ለቤተሰብ አሳውቁ፦ ክፍሉ አይታፈን፣ ከሰል አይግባበት፣ ገንፎ ይዛ የመጣች ጎረቤት ሁሉ ሕፃኑን ተቀብላ እናቲቱን ታስተኛት።