ባቴ ላይ የጠቆረው ደም ወደ ልቤ ይሄዳል?

ጥያቄ፦ የ43 ዓመት ሰው ነኝ። ለታላቁ ሩጫ ልምምድ መስቀል አደባባይ ደረጃውን በሩጫ ስወጣ ቀኝ ባቴን አንድ ነገር ጧ አደረገኝ። ሰው በድንጋይ የመታኝ መስሎኝ ዞሬ አየሁ፤ ማንም የለም። ዛሬ 9ኛ ቀኔ ነው። ወጌሻ ሁለት ጊዜ አሽቶኛል። ከመድኃኒት ቤት ገዝቼ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻ መርፌ ለ5 ቀን ተወግቻለሁ። ሕመሙ ቀንሷል፤ ግን ከባቴ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ጠቁሯል። ጎረቤቴ «የሞተ ደም ነው፣ በዋግምት ካልወጣ ወደ ልብህ ይሄዳል» አሉኝ። ለደም ግፊት ኢናላፕሪል እወስዳለሁ። ኤምአርአይ ልነሳ? ለኅዳሩ ሩጫስ እደርሳለሁ?

መልስ፦ የጠቆረው ደም ወደ ልብዎ አይሄድም። ኤምአርአዩም ሩጫውም ይቆዩን። እንቅልፍ የነሳዎት የጎረቤትዎ ንግግር ይመስለኛል።

«በድንጋይ የተመታሁ መሰለኝ» የሚለውን ነገር በአርባዎቹ ካሉ ሯጮችና የእሑድ ኳስ ተጫዋቾች ደጋግሜ እሰማለሁ። የባት ጡንቻ ሲሰነጠቅ እንዲያ ነው የሚያደርገው። የተወሰኑ የጡንቻ ክሮች ይበጠሳሉ፤ አብረዋቸው ትናንሽ የደም ሥሮችም ይበጠሳሉ። ደሙ ሥጋ መሀል ይፈስና በክብደቱ ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርዳል። ቁርጭምጭሚትዎ የጠቆረው ለዚህ ነው እንጂ እሱ ተጎድቶ አይደለም።

ይህ ደም ከደም ሥሩ ወጥቷል። ተመልሶ ገብቶ ወደ ልብ የሚጓዝበት መንገድ የለውም። ሰውነት ራሱ እየሰባበረ ያነሳዋል። ጥቁሩ ወደ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወደ ቢጫ ይቀየርና በሁለት በሦስት ሳምንት ይጠፋል። በዋግምት የሚወጣው ደግሞ ከቆዳ ሥር ያለ ደህና ደም ነው፤ ጡንቻው ውስጥ የፈሰሰው ጋ አይደርስም። ምላጩስ ጠዋት ማንን ሲበጣ እንደነበር ማን ያውቃል? ሄፓታይተስ ቢም ኤችአይቪም በእንዲህ ያለ ምላጭ ይተላለፋሉ። በራሱ ሊጠፋ ላለ ጥቁረት የዕድሜ ልክ በሽታ መሸመት ምን የሚሉት ነገር ነው? በፍጹም እንዳያደርጉት።

ጎረቤትዎ ግን ከሜዳ ተነሥተው አልተናገሩም። የሚጓዝ የረጋ ደም አለ። እሱ ደም ሥር ውስጥ የሚረጋው ነው፤ ከተነቀለ የሚሄደውም ወደ ሳንባ ነው። እግር ተጎድቶ ብዙ ቀን አልጋ ላይ ሲዋል ሊመጣ ይችላል። መለያው ጥቁረት አይደለም። እግሩ በሙሉ ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ይወጠራል። ሕመሙ ከቀን ቀን መቀነሱ ቀርቶ ይብሳል። የእርስዎ እየቀነሰ ስለሆነ ብዙም አልሰጋም። ቢሆንም ዛሬ ማታ የልብስ ሰፊ ሜትር ይፈልጉ። ከጉልበት በታች ፊት ለፊት ካለችው የአጥንት ጉብታ 10 ሴንቲ ሜትር ወርደው ሁለቱንም ባትዎን ይለኩ። ልዩነቱ ከ3 ሴንቲ ሜትር ካለፈ፣ ነገ ሳይሆን ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሄደው የደም ሥርን ፍሰት በሚያሳየው በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታዩ። ድንገት ትንፋሽ ቢያጥርዎ፣ ደረትዎን ቢወጋዎ ወይም ደም ቢያስልዎ ሜትርም አይፈልጉ፤ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ይህን ለቤተሰብዎም ይንገሩ፤ በዚያን ሰዓት ታክሲ የሚጠራው ሌላ ሰው ነው።

ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ወጌሻን አልንቅም፤ ስንት ሰው በእነሱ እጅ ቀንቷል። ግን ገና የተሰነጠቀ ጡንቻ አይታሽም። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ማሸትም፣ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍም፣ አልኮል መጠጣትም ሊቆም የነበረውን ደም እንደገና ያፈሰዋል። አንዳንዴም ደም የቋጠረ ጡንቻ በእሽት ብዛት ውስጡ አጥንት የመሰለ ጠጣር ነገር ያበቅላል። ሦስተኛ እሽት አይኑር።

መርፌው ይብሳል። ዳይክሎፌናክ በመርፌ ከሁለት ቀን በላይ አይሰጥም። እርስዎ ለአምስት ቀን ተወጉ፤ ያውም ኢናላፕሪል እየዋጡ! ሁለቱ ሲገናኙ ኩላሊት ሊጎዳ፣ ግፊቱም ሊወጣ ይችላል፤ ጨጓራን ደግሞ ሳልጨምር ነው። ለባት ሕመም ፓራሲታሞል ይበቃ ነበር። ያለፈው አልፏል፤ በዚህ ሳምንት ግን ግፊትዎን ይለኩ፣ የኩላሊት ምርመራም ያድርጉ። ሰገራዎ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ወይም ሽንትዎ ካነሰ ሳያሳድሩ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይሂዱ።

ኤምአርአይ አያስፈልግዎትም፤ ገንዘብዎን ያስቀምጡ። አንድ ነገር ብቻ ይሞክሩ። በሆድዎ ተኝተው እግርዎን ከአልጋው ጫፍ ያሳልፉት፤ ሰው ባትዎን ጨበጥ ያድርገው። የውስጥ እግርዎ ወደ ኋላ ነቅነቅ ካለ ደህና ነው። ካልተነቃነቀ ከተረከዝ በላይ ያለው ጅማት ተበጥሶ ይሆናልና የአጥንት ሐኪም በቶሎ ይይዎት።

ባቱን በበረዶ የመያዣው ጊዜ አልፏል። አሁን የሚያድነው በልክ መንቀሳቀስ ነው። ሕመሙ እስከፈቀደልዎ ይራመዱ። ሲያነክሱ ተረከዙ ከፍ ያለ ጫማ ያድርጉ፣ ባቱን ያሳርፈዋል። ሲቀመጡ እግርዎን በትራስ ከፍ ያድርጉት። ከሳምንት በኋላ ግድግዳ ይዘው በሁለት እግር ጣቶች ቆመው ቀስ እያሉ ይውረዱ፤ ሲለምድ በአንዱ እግር ብቻ። አጥብቆ መሳሳብ ገና ነው።

ሩጫውን በተመለከተ ቀን አልቆርጥልዎትም። እንዲህ ያለ መካከለኛ ስንጥቅ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ይፈልጋል። ግማሽ ሰዓት በፈጣን እርምጃ ሳያምዎ ከሄዱ፣ በቀኝ እግር ብቻ በጣትዎ የሚነሱት ልክ ከግራው ጋር ከተካከለ፣ ሶምሶማ ይጀምሩ። ደረጃው ከሁሉ በኋላ ይመጣል። እስከ ኅዳር እዚያ ካልደረሱ ቲሸርቱን ለብሰው 10 ኪሎ ሜትሩን በእርምጃ ይጨርሱ፤ እየዘፈነና እየተራመደ የሚገባው ሕዝብ እንደሆነ ብዙ ነው።