በአንድ ፊደል የሚለያዩ ሁለት ፕሮሰሰሮች

ጥያቄ፦ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል። ባጠራቀምሁት ጥቂት ገንዘብ ጌም የምጫወትበትን ኮምፒዩተር ራሴ ለመገጣጠም አስቤ፣ ምርጫዬን ወደ ራይዘን 5 5600 እና ራይዘን 5 5600ጂ አጥብቤአለሁ። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለቱም ስድስት ኮር ሲኖራቸው፣ 5600ጂ ደግሞ በመነሻ ፍጥነት ይበልጣል፤ የራሱ ግራፊክስም በውስጡ አለው። ታዲያ 5600ን የሚመርጥ ሰው ምን አይቶ ነው? ግራፊክስ ካርዱን ወደፊት ገንዘብ ሳገኝ ነው የምገዛው።

መልስ፦ የተጻፈውን ዝርዝር ብቻ ያነበበ ሰው 5600ጂን ቢመርጥ አይፈረድበትም። ሁለቱም የኤኤምዲ ምርቶች ሲሆኑ፣ ዜን 3 በተባለው ንድፍ የተሠሩ ናቸው፤ ከፍተኛ ፍጥነታቸው እኩል 4.4 ጊጋኸርዝ ነው፤ መነሻ ፍጥነታቸው ግን እርስዎ እንዳሉት ይለያያል፤ የ5600 3.5፣ የ5600ጂ 3.9 ጊጋኸርዝ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ጠንከር ያለ ግራፊክስ ካርድ ተሰክቶ ጌም ሲከፈት፣ ቀድሞ የሚገኘው 5600 ነው።

ምክንያቱ በአብዛኛው ካሽ ነው። ካሽ ማለት ፕሮሰሰሩ ደጋግሞ የሚፈልገውን መረጃ እስከ ራም (የኮምፒዩተሩ ዋና ማኅደረ ትውስታ) ድረስ ሳይመላለስ እንዲያገኘው አጠገቡ የሚቀመጥለት፣ መጠኑ አነስተኛ ፍጥነቱ ግን እጅግ ከፍተኛ የሆነ ማኅደረ ትውስታ ነው። 5600 ከካሽ ደረጃዎች ትልቁ በሆነው በሦስተኛው ደረጃ 32 ሜጋባይት ካሽ ሲኖረው፣ 5600ጂ ያለው 16 ብቻ ነው። በሰከንድ 60 ምስል የሚያሳይ ጌም እያንዳንዱን ምስል ለማዘጋጀት ያለው ጊዜ ከ17 ሚሊሰከንድ በታች ነው፤ በዚያች ቅጽበት ፕሮሰሰሩ የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ እንቅስቃሴ፣ የሚጋጨውንና የሚወድቀውን ነገር ሁሉ ማስላት አለበት፤ የሚፈልገውን መረጃ ካሽ ውስጥ ባጣው ቁጥርም ከራም እስኪመጣለት ሥራ ፈትቶ ይጠብቃል። ሥራ ፈትቶ ለሚጠብቅ ደግሞ ጊጋኸርዝ ምን ይፈይድለታል? ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ከታላቅ ወንድሙ ከ5800ኤክስ ያነሰ ፍጥነት ይዞ በጌም ሊበልጠው የቻለው፣ ካሹ 96 ሜጋባይት ስለሆነ ነው።

ሌላው ልዩነት ፕሮሰሰሩ ከግራፊክስ ካርድ ጋር የሚገናኝበት መስመር ነው። 5600 የዚህን መስመር ፈጣን ትውልድ ፒሲአይ ኤክስፕረስ 4.0ን ሲደግፍ፣ 5600ጂ በቀድሞው በ3.0 ይቆማል። ይህ ለብዙ ካርዶች ያን ያህል የሚያሳስብ አይደለም፤ ነገር ግን እንደ ራዲዮን አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ያሉ፣ አራት መስመር ብቻ የሚጠቀሙ ርካሽ ካርዶች በ3.0 ላይ ጉልበታቸው በግልጽ ይቀንሳል። በአነስተኛ በጀት የሚገዛው ደግሞ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ካርድ ነው።

እንግዲህ ውሳኔው ያለው «ገንዘብ ሳገኝ» ባሉት ቃል ላይ ነው። 5600 የራሱ ግራፊክስ ስለሌለው፣ ካርድ ካልተሰካለት ስክሪኑ ላይ ምንም ነገር አይታይም። ካርዱን በሁለት ሦስት ወር ውስጥ የሚገዙ ከሆነ 5600ን ይውሰዱ፤ እስከዚያው ከወዳጅ የተዋሱት አሮጌ ካርድ ቢሆንም ይበቃል። ግዢው ዓመትና ከዚያ በላይ የሚዘገይ ከሆነ ግን የሚያዋጣው 5600ጂ ነው፤ ቀለል ያሉ ጌሞችን ያጫውትዎታል፤ ከባድ የሆኑትን አዳዲስ ጌሞች ግን አይጠብቁበት። እኔ በእርስዎ ቦታ ብሆን 5600ን ከአንድ ያገለገለ ካርድ ጋር አጣምሬ እገዛ ነበር።

5600ጂን ከመረጡ፣ 16 ጊጋባይት ራም በአንድ ፍሬ ሳይሆን ስምንት ስምንት አድርገው በሁለት ፍሬ ይግዙ፤ በውስጡ ያለው ግራፊክስ የሚጠቀመው ይህንኑ ራም ስለሆነ፣ በአንድ ፍሬ ብቻ ሲሠራ መረጃ የሚያልፍበት መንገድ በግማሽ ይጠብበታል። ማዘርቦርዱ እንደ ቢ450 ያለ፣ ከሁለቱም ፕሮሰሰሮች ቀድሞ የወጣ ከሆነም፣ ባዮሱ (ኮምፒዩተሩን የሚያስነሣው፣ በማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም) መታደሱን ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩን ይጠይቁ፤ ካልታደሰ ኮምፒዩተሩ አይነሣም፤ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ መስሎዎትም በከንቱ ሊመልሱት ይችላሉ።