ፊት ለፊት የሚደበቀው፣ በስልክ የሚነገረው፦ ጥያቄና መልስ ከሐዋሳ

በሐዋሳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። ልጆች የግል ጉዳያቸውን ለማን እና እንዴት እንደሚያካፍሉ ጠይቁኝ።

አንዲት እናት፦ መምህርት፣ ልጄ ቤት ውስጥ «ደህና ነኝ» ከማለት በቀር አትናገርም። በቴሌግራም ግን ለማታውቀው ሰው የቤታችንን ጉዳይ ሁሉ ጽፋለች። ለምን?

መልስ፦ ፊት ለፊት የሚናገር ልጅ የሰሚውን ፊት እያየ ቃሉን ይመጥናል፤ እናት ግንባሯን ስትቋጥር ወሬው እዚያው ይቆማል። በስልክ ግን የሚታይ ፊት የለም። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጆን ሱለር በ2004 እ.ኤ.አ. ይህን የሐፍረት መላላት ሲተነትን ከጠቀሳቸው ምክንያቶች መካከል አለመታየት፣ ማንነትን መሰወርና መልስ ወዲያው አለመምጣቱ ይገኙበታል። እኔም አጠገቤ ተቀምጣ መሬት መሬት ስታይ የዋለች ተማሪ ማታ ረጅም መልእክት ስትጽፍልኝ አያለሁ። ስለዚህ መጻፏን አልነቅፍም፤ የሚያስጨንቀኝ ጽሑፉ ሳይጠፋ መቆየቱ ነው። በሐይቁ ዳር ለጓደኛዋ የነገረችው ቃል ቢወራም ቃል ብቻ ነው፤ የጻፈችው ግን በስክሪንሾት እንዳለ ይተላለፋል። እባክዎ አይቆጧት፤ ከተቆጧት ለእርስዎ የሚቀረው «ደህና ነኝ» ብቻ ነው።

አንድ አባት፦ መፍትሔው ስልኩን መቀማት ነው።

ሌላ አባት፦ ወንድሜ፣ እኔ ቀምቼ ነበር። ልጁ በጓደኛው ስልክ ሌላ አካውንት ከፈተ፤ አሁን በምን ስም እንደሚጽፍ እንኳ አላውቅም።

አንድ አባት፦ ያ የቁጥጥር ማነስ ነው።

መልስ፦ ሁለታችሁም ስለ ስልኩ እንጂ ልጁ ለማን እንደሚናገር አልጠየቃችሁም።

ጥያቄ፦ ኢንተርኔት ለልጆች ጥሩ ነው?

መልስ፦ የልጁን ዕድሜ፣ መተግበሪያውንና የሚያካፍለውን ሳይገልጹ መመለስ አልችልም።

ጥያቄ፦ ልጄ ቲክቶክ ላይ ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ነው የምትለጥፈው፤ ምንም መረጃ አትሰጥም።

መልስ፦ ፎቶው ራሱ መረጃ ነው! ዩኒፎርሙ ትምህርት ቤቷን፣ ከኋላዋ የሚታየው ሱቅ ሠፈሯን፣ የምትለጥፍበት ሰዓት የምትመለስበትን ጊዜ ይናገራል። መንገድ ላይ አንድ እንግዳ ሰው ይህን ቢጠይቃት ፊቷን አዙራ ትሄድ ነበር። ቲክቶክ ከ16 ዓመት በታች የሆነን አካውንት ከመነሻው የግል ያደርገዋል፣ የግል መልእክትም አይፈቅድለትም፤ የልደት ዓመቷን ዋሽታ ከሞላች ግን ይህ ጥበቃ አይደርሳትም። ስለ ስክሪንሾት ያልኩትን እደግማለሁ፦ ብታጠፋውም ሌላ ሰው ዘንድ ሊቀር ይችላል።

ጥያቄ፦ ለማያውቁት ሰው ለምን ይናገራሉ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፤ እባክዎ ያንብቡት።

ጥያቄ፦ ሕጉስ?

መልስ፦ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ፤ ዝርዝሩን ጠበቃ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ በቴሌግራም ቁጥሯ እንዳይታይ ምን ላድርግ?

መልስ፦ በማስተካከያው የግላዊነት ክፍል ውስጥ ስልክ ቁጥር የሚለውን ከፍታችሁ «ማንም አያየው» የሚለውን ምረጡ። እርስዎ ብቻዎን አያድርጉት፤ ስልኩ በእጇ ሆኖ እርሷ ትንካው።