ዲፒፒሲ በቀዝቃዛ ውሃ ለምን አልበተን አለሽ?

ሰላም እህቴ። «ጎንደር ላብራቶሪ ውስጥ ዲፒፒሲ የተባለውን ሊፒድ (የቅባት ዓይነት) በክፍሉ ሙቀት ውሃ ጨመርኩበት፤ ጓጉሎ ቀረ እንጂ ሊፖዞም (በሊፒድ ሽፋን የተከበበ ደቃቅ ከረጢት) አልሆነልኝም» ብለሽ ጠይቀሻል። ሊፒዱ ተበላሽቷል ብለሽ እንዳትጥዪው። ነገሩ የሙቀት ይመስለኛል።

ዲፒፒሲ የሚለሰልሰው 41 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ከዚያ በታች የሊፒዱ ጭራዎች፣ ማለትም ረጃጅም የቅባት ሰንሰለቶቹ፣ ቀጥ ብለው፣ ተጠጋግተው ይደረደራሉ። ሽፋኑም ይደድራል። የእኛ ከተማ ጠዋት ደግሞ ምን ያህል እንደሚቀዘቅዝ ታውቂዋለሽ። እስቲ ጓዳ ግቢና እዪ፤ ቅቤው ረግቷል፣ የኑግ ዘይቱ ግን ይፈሳል። በቅቤ ውስጥ ቀጥ ያሉ ሰንሰለቶች ይበዛሉ። የኑጉ ግን ድርብ ቦንድ ስላለው ይታጠፋል፤ መጠጋጋት አይመቸውም። ዲኦፒሲ የተባለው ሌላ ሊፒድም እንደ ኑጉ ነው፤ ዜሮ ዲግሪ ላይ እንኳ አይደድርም።

ስለዚህ ውሃውን ወደ 50 ዲግሪ አሙቂው፤ ሊፒዱንም እዚያው ሙቀት ላይ አርጥቢው። በማጣሪያ ስታሳልፊውም መሣሪያው ይሙቅ። ይቺን ብዙ ሰው ይረሳታል።

ኮሌስትሮል በደንብ ከጨመርሽበት ያ የ41 ዲግሪ ድንበር ይደበዝዛል። የደደረውን ያላላል፣ የላላውን ያጠብቃል። ካላዛር ለተባለው በሽታ በሚሰጠው፣ በሊፖዞም በተዘጋጀው ሊፖዞማል አምፎቴሪሲን ቢ የተባለ መድኃኒት ውስጥም ኮሌስትሮል አለ። ከመተማና ከሁመራ በረሃ ታመው ለሕክምና ጎንደር የሚመጡትን ሳስብ፣ ጥያቄሽ በጣም ደስ አለኝ።

አሙቀሽውም እምቢ ካለ፣ ሊፒዱን ያሟሟሽበት ክሎሮፎርም ሙሉ በሙሉ መትነኑን አረጋግጪና ጻፊልኝ።