ድርቆሽ ስል የእንጀራውን አይደለም

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ፣ አምድሽን ሁሌ አነባለሁ፤ ግን አንድ ቀን ስለ አይጥ መሳይ ፍጥረት እጽፍልሻለሁ ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ11 ዓመቷ ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ስትጨቀጭቀኝ ከርማ ባለፈው ቅዳሜ ከእንስሳት መጠለያ አንዲት ቺንቺላ ይዘን መጣን። ሦስት ዓመቷ ነው አሉን። ልጄ ስሟን ቆሎ ብላታለች። ከመጠለያው ትንሽ ከረጢት መኖና ደረቅ ሣር ሰጥተውናል። እኔ ግን እንግዳ ናት ብዬ ዘቢብ ሰጠኋት፣ ለውዝ ሰጠኋት፣ ጥቅል ጎመን ሰጠኋት፣ የገብስ ቆሎም ቀምሳለች። ዘቢቡን በሁለት እጇ ይዛ ስትበላ ብታያት! ከትናንት ጀምሮ ግን በጠጧ ለስለስ ብሏል፣ ሣሩንም ዞር ብላ አታየውም። ምን ላብላት?
የቆሎ እናት (እንዲህ ብለሽ ፈርሚ ያለችኝ ልጄ ናት)

መልስ፦ የቆሎ እናት፣ እንኳን ደስ ያላችሁ። መጀመሪያ ዘቢቡን አንሺና ቆልፊበት። ለውዙንም። ጥቅል ጎመኑን ለራሳችሁ አልጫ ሥሪበት። ስሟ ቆሎ ነው እንጂ ቆሎ አትበላም።

አሁን የሚቸኩለውን ልንገርሽ። ዛሬ ሣርና ንጹሕ ውሃ ብቻ አድርጊላት። ሣሩን እየቆረጠመች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ሆኖም በጠጧ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ እንደ ድሮው ደረቅ ካልሆነ ለሐኪም ደውዪ። ሣሩን እንቢ ብላ ግማሽ ቀን ካለፋት፣ ወይም ሆዷ ተነፍቶ ጥግ ይዛ ከተኮራመተች ግን ነገ አትበዪ፣ ዛሬውኑ ውሰጃት። የቺንቺላ አንጀት ሥራ ካቆመ ጋዝ ይሞላል፣ ማስመለስ ደግሞ አትችልም፣ ስለዚህ የገባው ሁሉ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ መንገድ የለውም። ስትደውዪ «ቺንቺላ ታያላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። ውሻና ድመት የሚያክም ሁሉ እነዚህን አያክምም፤ ስልኩን ሳይቸግርሽ አሁኑኑ ፈልገሽ ፍሪጁ ላይ ለጥፊው።

ጥፋቱ ያንቺ ብቻ አይደለም። እኛ እኮ እንግዳ ሲመጣ «በሞቴ» ሳንል የማንቀመጥ ሰዎች ነን። እኔም የመጀመሪያዋን ስወስድ ዘቢብ በመዳፌ ይዤ ነው የተለማመድኳት፤ ሳምንት ሳይሞላ ተቅማጥ ይዟት ሌሊቱን ሙሉ ኬጇ ሥር ቁጭ ብዬ አደርኩ። ይቺ እንስሳ ግን ከየት እንደመጣች ብናስብ ነገሩ ይገባናል። አገሯ ደቡብ አሜሪካ ነው፣ የአንዲስ ተራራ፣ ደረቅና ቀዝቃዛ ድንጋያማ ቦታ። እዚያ የምታገኘው ደረቅ ሣር፣ ቁጥቋጦና ቅርፊት ነው። በፀጉሯ ምክንያት አድነው ሊጨርሷት ሲሉ በ1910 ቺሌ፣ ፔሩ፣ ቦሊቪያና አርጀንቲና አደኑን ለመከልከል ተስማሙ። በ1923 ደግሞ ማቲያስ ቻፕማን የሚባል አሜሪካዊ የማዕድን መሐንዲስ 11 ቺንቺላዎች ይዞ ካሊፎርኒያ ገባ፤ ያመጣቸውም ለፀጉራቸው ሊያራባቸው ነበር። ዛሬ አሜሪካ ውስጥ በየቤቱ ያሉት አብዛኞቹ የእነሱ ዘር ናቸው ይባላል። ከዚያ ወዲህ መቶ ዓመት ቢያልፍም አንጀቷ ግን ያው የተራራው አንጀት ነው፤ ስኳርም ስብም አያውቅም።

እንግዲህ ምግቧ ድርቆሽ ነው። ድርቆሽ ስል የእንጀራውን አይደለም፣ የሣሩን ነው! (አንዲት ጓደኛዬ ይህን ስነግራት የእንጀራ ድርቆሽ በፌስታል ይዛልኝ መጥታለች፣ እግዜር ይስጣት፣ እኔው በላሁት።) እዚህ አሜሪካ የቤት እንስሳት ሱቅ ውስጥ ቲሞቲ የሚባለውን የሣር ድርቆሽ ታገኛለሽ። ቀኑንም ሌሊቱንም ከፊቷ አይጥፋ፤ ልኬት የለውም፣ ባለቀ ቁጥር ሙዪ። ስትገዢ አረንጓዴነቱን እዪ፣ አሽትቺውም፣ የሣር ጠረን ሊኖረው ይገባል። ከቦነነ ወይም የሻገተ ከሸተተሽ መልሺው። አልፋልፋ የሚባለውም አለ፣ እሱ ግን ካልሲየምና ፕሮቲን ስለሚበዛበት ለግልገልና ላረገዘች እንጂ እንደ ቆሎ ላለች ጎልማሳ የዘወትር ምግብ አይሁን።

ድርቆሹ ለሆድ ብቻ አይደለም። የቺንቺላ ጥርስ ዕድሜ ልኩን ያድጋል፣ የፊቶቹ በዓመት ከ5 እስከ 7 ሴንቲሜትር ይሄዳሉ። የሚሞርደው ያ ሁሉ ሣር ማኘክ ነው። ሣሩ ከቀረ ጥርሱ ረዝሞ ጉንጭና ምላስ ይወጋል፣ የመንጋጋው ሥር ወደ ዓይን ድረስ ሊገፋ ይችላል፣ ያኔ መብላትም ያቆማሉ። በነገራችን ላይ ጥርሷ ብርቱካንማ ቢጫ ሆኖ ብታዪው አትደንግጪ፣ ጤነኛው እሱ ነው። የሚያሳስበው ሲነጣ ነው።

ከድርቆሹ ቀጥሎ ያ ከመጠለያው የሰጧችሁ እንክብል መኖ ነው። በቀን ከአንድ እስከ ሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ በቃ። ሆዷ ሲስተካከል ወደ ማታ ስጫት፣ ምክንያቱም ቀን ተኝታ ውላ ሲመሽ ነው የምትነሳው። ሳያልቅ ደውለሽ የመኖውን ስም ጠይቂና ያንኑ ግዢ። መቀየር ካለብሽም በአንድ ቀን አይደለም፣ ከአሮጌው ጋር እየቀላቀልሽ አዲሱን በ10 ቀን ገደማ ቀስ በቀስ አብዢው። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ቀለም ያላቸው ፍሬዎች፣ የሱፍ ፍሬና የደረቀ ፍራፍሬ የተቀላቀለበት የሚያምር ከረጢት ታያለሽ፣ ላዩ ላይ የቺንቺላ ፎቶ አለበት። እለፊው። ገዝቼው አውቃለሁ፤ ልክ ከወጡ ውስጥ ሥጋውን ለቅሞ እንጀራውን እንደሚተው ልጅ፣ የኔዋም ፍሬ ፍሬውን ለቅማ እንክብሉን ጥላው ትሄዳለች።

ልጅሽ የምትሰጣት ነገር ፈልጋ ማልቀሷ አይቀርም፣ ይገባኛል። የደረቀ የአፕል እንጨት ይሻላል፣ መድኃኒት ያልተረጨበት። ቅርፊቱን ስትልጥ ማየት ከዘቢቡ የበለጠ ያስቃል። የኮክ፣ የቼሪና የብርቱካን እንጨት ግን አይሆንም። ወር ካለፋትና ሆዷ ከተስተካከለ በሳምንት አንዴ ያልበሰለ አጃ፣ ያውም ቁንጥር፣ መስጠት ይቻላል።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድሜ ላስጠንቅቅሽ፣ አንድ ቀን ልጅሽ «እማዬ፣ ቆሎ በጠጧን በላች!» ብላ ትጮሃለች። ተያት። ምግቡ ዕውር አንጀት የሚባለው የአንጀት ከረጢት ውስጥ ከተብላላ በኋላ የሚወጣውን ለስላሳውን መልሳ ትበላዋለች፣ ሁለተኛ ዙር ነው፣ የቀረውን ንጥረ ነገር የምታወጣው እንደዚያ ነው። አንቺ የኩሽና ሚዛንሽን አውጪና በሳምንት አንዴ መዝኛት፣ ጻፊውም። ጎልማሳ ቺንቺላ ብዙውን ጊዜ ከ400 እስከ 600 ግራም ትመዝናለች። ቁጥሩ ሳምንት በሳምንት ከወረደ ፀጉሯ የደበቀውን ሚዛኑ ነግሮሻል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ነሽ እህት፣ ዱባይ ሰው ቤት ነው የምሠራው። የማዳም ልጆች ቺንቺላ አላቸው፣ የማበላው ግን እኔ ነኝ። ቀን ሁሉም ሲወጡ ማዳም ኤሲውን አጥፊ ትላለች። ከዚያ እንስሳው አይበላም፣ ዝርግት ብሎ ይውላል። ውሃ ይሆነዋል ብዬ ኪያርና ሰላጣ እየሰጠሁት ነው፣ ልክ ነኝ?
እህትሽ ከዱባይ

መልስ፦ የኔ እናት፣ ማሰብሽ ያኮራል፣ ግን ኪያሩ አያቀዘቅዘውም፣ ሆዱን ብቻ ያበላሽበታል። ያለመብላቱ ምክንያት ሙቀቱ ነው። ፀጉሩ ከአንድ ቀዳዳ ከ50 በላይ ሆኖ ነው የሚበቅለው፣ ላብም አያልበውም፤ ክፍሉ ከ25 ዲግሪ ሲያልፍ ይጨነቃል፣ 30 ከደረሰ ሊሞትብሽ ይችላል። ለማዳም እንስሳው ተቸገረ ሳይሆን «ይሞታል» ብለሽ ንገሪያት፣ ልጆቹ ባሉበት ብትነግሪያት ደግሞ ይበልጥ ትሰማሻለች። ኤሲው አንዲት ክፍል ውስጥ ብቻ ቢበራ ይበቃል። እሺ እስክትል ድረስ ኬጁን ፀሐይ ከማይደርስበት፣ ቤቱ ውስጥ ቀዝቀዝ ካለው ቦታ አድርጊው። ትርፍ የወለል ሴራሚክ ካለ ፍሪጅ ውስጥ አቆይተሽ አስገቢለት፣ ራሱ ሄዶ ይተኛበታል። ውሃ ግን አታፍስሺበት፣ ያ ፀጉር ቶሎ አይደርቅም። ጆሮው ከቀላ፣ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ ወይም ለሃጩ ከወረደ ማዳም እስክትመጣ አትጠብቂ፣ ኤሲውን አብሪና ደውዪላት።