የባለቤቴ ጤና አዳም ደረቀ፤ ልንቀለው?

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። የምንኖረው ግንፍሌ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ላይ በቀለም ባልዲ የተከለችው ጤና አዳም ነበረ፤ ቡና በተፈላ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ እያንኳኳ ይወስድ ነበር። እሷ ከሄደች ጀምሮ ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆነና ረገፈ፣ አሁን እንጨቱ ብቻ ቆሟል። ልጄ «አባዬ፣ የሞተ ነገር ምን ያደርግልናል፣ እንጣለው» ትላለች። እኔ ደግሞ መንቀሉ እሷን ሁለተኛ መቅበር መሰለኝ። ጎረቤቶቼ ቡና ቢጠሩኝም ሆዴ እየባባ አልሄድም። ምን ትሉኛላችሁ?
አባት ነኝ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ ጋሼ፣ በቅድሚያ ነፍስ ይማር። አሁን ደፈር ብዬ ልናገር፦ ጤና አዳሙን ውሃ ሳይገድለው አልቀረም። ደረቅ ያለ አፈር ነው የሚወደው፤ ጠዋት ማታ ሲጠጣ፣ በተለይ ባልዲው ከታች ካልተበሳ፣ ሥሩ ይበሰብሳል። ለመውቀስ አይደለም። ሰው የሚወደው ሲለየው እጁ የሚሠራው ነገር ያጣል፤ ውሃ ማጠጣት እንኳን ትልቅ ነገር ነው።

ከመንቀልዎ በፊት ግንዱን ከታች በጥፍርዎ ፋቅ ያድርጉት። ከልጣጩ ሥር አረንጓዴ ካዩ ነፍስ አለው፤ ደረቁን ይቁረጡለት፣ ባልዲውን ይብሱት፣ ክረምቱም ስለገባ ዝናብ የማይመታው ጥግ ያስጠጉት። ቡናማ ሆኖ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ግን በቃ፣ ሞቷል።

ቢሞትም አይጣል። ከትፈው እዚያው ባልዲ ውስጥ ከአፈሩ፣ ከቡና አተላና ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ይቀላቅሉት። ባክቴሪያውና ሻጋታው ቀስ እያለ ይበላዋል፤ ሲያድግ ከአፈር የወሰደው ናይትሮጂንና ፎስፈረስም ወደ አፈሩ ይመለሳል። ከወራት በኋላ እጅዎን ሲከቱ አፈሩ ለስላሳ፣ ቀለል ያለ ሆኖ ያገኙታል። ለቅሶ ቤት «አፈሩን ገለባ ያድርግላት» እንል የለ?

ደብዳቤዎን ሳነብ የያዘኝ ግን ያቺ «ጎረቤቱ ሁሉ ይወስድ ነበር» ያሏት ናት። ያን ሁሉ ጊዜ ከወሰዱት መካከል አንዷን ቅርንጫፍ ቆርቆሮ ውስጥ የሰካ ሰው እንዴት ይጠፋል? በዘር ቢሆን ልጁ ነው ይባል ነበር፤ ከቅርንጫፍ የበቀለ ግን ያው ራሱ ነው፣ ባለቤትዎ የተከሉት ያ ተክል። ስለዚህ አሁን ተራው የእርስዎ ነው፣ በር ያንኳኩ። ግማሽ ስንዝር የምትሆን ለጋ ቅርንጫፍ ይለምኑ፣ የታች ቅጠሏን አራግፈው ይትከሏት፣ የአፈሩ ላይኛው ክፍል ጠፈፍ ሲል ብቻ ያጠጧት። ሲቆርጡ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ካገኘው ያቆስላልና እጅዎን ይታጠቡ።

ጎረቤትዎ «ቡናው ደርሷል፣ ይግቡ» ካሉ ደግሞ፣ እባክዎ፣ ሦስተኛው እስኪደርስ ይቀመጡ።