ላም የምትበላው አልፋልፋ ለዶሮም ሊሆን ይችላል?

ጥያቄ፦ ሰላም የአምዱ አዘጋጅ። አልፋልፋ ከሚባለው የመኖ ተክልና ከሣር ፕሮቲን ተጨምቆ ለዶሮ መኖ ይሆናል ሲባል ሰማሁ። ሣሩን እንዳለ ማብላት እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን? የተጨመቀውስ ይጣላል? ሰው ሊበላው ይችላል?

መልስ፦ ሰላም ጠያቂያችን። ለላም ከሆነ ልክ ነዎት፣ እንዳለ ይስጧት። ሆዷ ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን ቃጫውን ያብላሉላታል። ችግሩ ዶሮና አሳማ ላይ ነው። የደረቀ ጥሩ አልፋልፋ ከ100 ኪሎው 20 ኪሎ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ እነሱ ግን ያን ሁሉ ቃጫ መፍጨት ስለማይችሉ ብዙም አይጠቀሙበትም፣ ለዚህም ነው የአኩሪ አተር ፋጉሎ የሚገዛላቸው።

ሥራው እንዲህ ነው። ለምለሙ ታጭዶ ይደቅቅና በመጭመቂያ ማሽን ይጨመቃል። የሚወጣው አረንጓዴ ጭማቂ ወደ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ ፕሮቲኑ ልክ እንደ እንቁላል ነጭ ይረጋል። ሳያሞቁ በላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ ማርጋትም ይቻላል። የረጋው ተለይቶ ሲደርቅ ግማሽ ያህሉ ፕሮቲን የሆነ ዱቄት ይሆናል።

ቃጫው በፍጹም አይጣልም! እንዲያውም የነገሩ ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። ፕሮቲኑ ሁሉ ተጨምቆ አያልቅም፣ ብዙ ጊዜ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ቃጫው ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ሳይሌጅ (አየር በማይገባበት ታምቆ የሚቀመጥ እርጥብ መኖ) ተደርጎ ለላም ይሰጣል፣ ጭማቂው ደግሞ ለዶሮ፣ ያውም ከአንድ ማሳ። መጨረሻ ላይ የሚቀረው ቡናማ ውሃ ስኳርና ፖታሲየም ስላለው ለባዮጋዝ ወይም ለማዳበሪያ ይውላል። በዴንማርክ የኦርሁስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይህን በሙከራ ፋብሪካ ደረጃ እየሠሩበት ነው።

ግን ሒሳቡን ሳይሠሩ አይነሡ። ለምለም ሣር አብዛኛው ውሃ ነው። 1,000 ኪሎ አጭደው 200 ኪሎው ብቻ ደረቅ ነገር ቢሆን፣ ከዚያ ውስጥ ፕሮቲኑ 40 ኪሎ ቢሆንና 40 በመቶውን ማውጣት ቢችሉ፣ እጅዎ ላይ የሚገባው 16 ኪሎ ፕሮቲን ነው። ውሃ ጭኖ ሩቅ መሄድ ያከስራል። ደግሞም ከታጨደ በኋላ የቅጠሉ የራሱ ኢንዛይሞች ፕሮቲኑን መበጣጠስ ይጀምራሉ፣ በሰዓታት ውስጥ ካልተጨመቀ ምርቱ ይቀንሳል። እንግዲህ ፋብሪካው ማሳው አጠገብ መሆን አለበት፤ ይህ ካልተሟላ እኔ በበኩሌ አልመክርም።

ሰው ይበላዋል ወይ ላሉት፣ ሐሳቡ የቆየ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሩዌል ከቅጠል ፕሮቲን ስለማውጣት የጻፈው በ1773 እ.ኤ.አ. ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም እንግሊዛዊው ባዮኬሚስት ፒሪ ለሰው ምግብ እንዲውል ብዙ ደክሞበታል። ያስቸገረው አረንጓዴ ቀለሙና የሣር ጣዕሙ ነው። አሁን ጭማቂውን መጀመሪያ ለስለስ ባለ ሙቀት አሙቆ አረንጓዴውን ክፍል ማስወገድ፣ ከዚያ ሩቢስኮ የሚባለውን ነጩን ፕሮቲን ለብቻው ማርጋት ይቻላል። የአውሮፓ ኅብረት በ2009 እ.ኤ.አ. የአልፋልፋ ፕሮቲንን ለምግብ ማሟያነት ሲፈቅድ በቀን ከ10 ግራም እንዳይበልጥ ወስኗል። አልፋልፋ ውስጥ ሳፖኒን የሚባሉ መራራ ውህዶችና እንደ ኤስትሮጅን ሆርሞን የሚሠሩ ውህዶች ስላሉ፣ ቤት ውስጥ ጨምቀው በብርጭቆ ለመጠጣት አስበው ከሆነ ይቅርብዎት።